መጋረጃውና ተሸካሚው

ጥበብ ከጥበብ ይማራል፤ መማርና መቅዳት ግን ለየቅል ናቸው። ይህን ሐተታ ለመጻፍ ያነሳሳኝ አንዲት የሥነ ጥበብ ተማሪ ለመመረቂያ ሥራዋ በመርካቶ ያነሳቻቸው ፎቶግራፎች ናቸው። አርአያ ያደረገችውም አሜሪካዊውን የፋሽን ፎቶግራፍ አንሺ ኢርቪንግ ፔንን (እ.ኤ.አ. 1917–2009) ነው። ለመሆኑ የፋሽን ሰው ለወዛደሩ ምን ይፈይዳል? ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ከዚያው እንነሣ።

ፔን እ.ኤ.አ. በ1950 ቮግ ለተባለው መጽሔት የዘመኑን ውድ አልባሳት ሊያነሳ ፓሪስ ሄደ። በአንድ ሕንፃ የመጨረሻ ፎቅ ላይ፣ አሮጌ የቲያትር መጋረጃ ሰቅሎ፣ በተፈጥሮ ብርሃን ይሠራ ነበር። በዚያው ብርሃንና በዚያው መጋረጃ ፊት ግን ሥጋ ቆራጮቹን፣ ፊኛ ሻጯንና ሌሎችንም የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ መሣሪያቸውን እንደያዙ አቆማቸው። ሥራውን በለንደንና በኒውዮርክም ቀጠለበት። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፤ ለባለጸጋ ቀሚስ የተሰጠው ብርሃን ለሠራተኛው ሽርጥም ሳይጓደል ተሰጠ።

ተማሪዋ ይህን ትምህርት ይዛ በርሜሉ ምድጃ፣ ጎማው በረባሶ ወደሚሆንበት ወደ ምናለሽ ተራ ወረደች። ግራጫ አቡጀዲ ከግድግዳ ላይ ወጥራ ቀጥቃጩን፣ ቆርቆሮ ለቃሚዋንና ተሸካሚውን አነሳች። እዚህ ላይ ድሉ የእሷ ነው። «ዞር በሉ!» በሚል ጩኸቱ ብቻ የምናውቀው ተሸካሚ፣ ከግርግሩ ወጥቶ ባለ ስምና ባለ መልክ ሆኖ ፊት ለፊታችን ቆሟል።

ሆኖም ሁለት ጉድለቶች ይታዩኛል። አንደኛው እንዲህ ነው። ራሷ እንዳጫወተችኝ፣ አንድ አረጋዊ ተሸካሚ በቀጠሮው ቀን ታጥበው፣ ኮት ለብሰው መጡ። «ጋሼ፣ የሥራ ልብስዎን ይልበሱልኝ» አለቻቸው። «ልጄ፣ ጆንያውንማ ሰው ሁሉ በየቀኑ ያየው የለም ወይ?» ብለው መለሱላት። በመጨረሻ እሺ ብለው ለወጡ። በፎቶግራፉ ላይ ብርሃኑ መልካም ነው፤ ትከሻቸው ግን ያለ ሸክም ጎብጧል። ፔንም ይህን የመሰለ ነገር ገጥሞታል። በኒውዮርክ በሥራ ልብስ እንዲመጡ ከተነገራቸው መካከል አንዳንዶቹ ጢማቸውን ተላጭተው፣ የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰው መጥተዋል። ፍላጎቱ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በየፎቶ ቤታችን ስንቱ ሰው በተሳለ መጋረጃ ፊት፣ በውሰት ኮትና ከረባት ተነስቷል! ይህ ግብዝነት ሳይሆን ሰው ስለ ራሱ የሚሰጠው ቃል ነው። ተማሪዋ የቀረባቸውን የሸክም ዋጋ መክፈሏ ያስመሰግናታል፤ ፔንም በፓሪስ ከፍሏል። ገንዘቡ ግን ጊዜያቸውን እንጂ ቃላቸውን አይገዛም።

ሁለተኛው ጉድለት ከመጋረጃው ይመነጫል። ተውኔት ጸሐፊ ስለሆንኩ የመጋረጃን ኃይል አውቃለሁ፤ አንዱን ሲያሳይ ሌላውን ይሸፍናል። መርካቶ በጣሊያን ወረራ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1936–1941) ገበያው ከአራዳ ወደ አዲስ ከተማ ሲዛወር የተስፋፋ፣ በየሙያው በተራ የተደለደለ ሰፈር ነው። ቀጥቃጩ ከጎረቤቱ መዶሻ ድምፅ ተለይቶ አይኖርም። አቡጀዲው ተራውን ሲጋርድ የሥራውን ማኅበራዊ ገጽታም ይጋርዳል። ያ ተራ ደግሞ ዘላለማዊ አይደለም፤ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ የደረሰው ቃጠሎ ይህን አሳይቶናል። ስለዚህ የጨርቁ ጠርዝ፣ ጨርቁን የያዙት እጆችና ከበስተኋላ ያለው ቆርቆሮ በከፊል ቢታዩ ኖሮ ሰውየውም ሥፍራውም በአንድነት በተመዘገቡ ነበር።

ከውጭው ባለሙያ ሊወሰድ የሚገባው እንግዲህ መጋረጃው ሳይሆን አክብሮቱ ነው። ብርሃንን በትክክል ማደል በትምህርት ቤት ይለመዳል፤ ተማሪዋም ለምዳዋለች። የቀረው ከካሜራው ፊት የቆመውን ሰው የሥራው ተባባሪ ማድረግ ነው። ስለሆነም ተማሪዋ ቀጣዩን ሥራዋን፣ መምህራንም የፎቶግራፍ ትምህርታቸውን፣ በአንድ ቀላል ጥያቄ ይጀምሩት፦ «ጋሼ፣ እንዴት ሆነው መታየት ይፈልጋሉ?»