ኖታውና ሸክላው

በቅርቡ አንድ የሙዚቃ ተማሪ ሽለላን በሳክስፎን ሲጫወት አደመጥሁ። ድምፆቹ በኖታው እንደ ሰፈሩት ናቸው፤ አንዱም አልተዛነፈም። የሚሸልል ሰው ግን አልነበረበትም። የጌታቸው መኩሪያን ቅጂ ሰምቶ እንደ ሆነ ብጠይቀው «ታክሲ ውስጥ ሰምቼዋለሁ» አለኝ።

የሸላዩንና የፎካሪውን አንደበት ወደ ሳክስፎን ያሻገሩት ጌታቸው በ2008 ዓ.ም. አርፈዋል። ከእግራቸው ሥር ተቀምጦ መማር ቀርቷል፤ ያለን ሸክላቸው ነው። ሻካራው ትንፋሽ፣ በሰፊው የሚርገበገበው ድምፅ፣ ከምት ወጥቶ እንደ ንግግር የሚፈስሰው ሐረግ፣ እነዚህን አምስቱ መስመሮች አይዙአቸውም። ይህን ስል ኖታን ማጣጣሌ አይደለም፤ ያለ እርሱ ኦርኬስትራ አይቆምም። ሆኖም በፒያኖ ቁልፎች መካከል የሚወድቀውን የክራር ድምፅ ኖታው ወደ ቅርቡ ቁልፍ ይጎትተዋል። ካሳ ተሰማን ወይም አስናቀች ወርቁን በክራር ሲያንጎራጉሩ ደጋግሞ ያደመጠ ጆሮ ግን በዚህ አይታለልም።

ዛሬ ቅጂው በእጅ ስልክ ይገኛልና ችግሩ የእጥረት አይደለም። ሸክላ ብርቅ በነበረበት ዘመን ያንኑ አንዱን መላልሶ ከመስማት በቀር አማራጭ አልነበረም፤ (ድህነትም አንዳንዴ መምህር ነው)። እንግዲህ መምህራን አንዲት ደቂቃ ይምረጡ። ተማሪው መሣሪያውን አስቀምጦ አሥር ጊዜ ያድምጣት፤ ቀጥሎ በአፉ ያዚማት፤ ኖታው ከዚያ በኋላ ይምጣ። መምህሩን መኮረጅ ይሆናል የሚሉ አሉ። ያልሰሙትን መሻገር ግን እንዴት ይቻላል?

ያን ተማሪ በዚሁ መንገድ ሰደድሁት። በሳምንቱ ሲመለስ ሳክስፎኑን ከሳጥኑ አላወጣም፤ «ገና በመጀመሪያው ሐረግ ላይ ነኝ» አለኝ።