የአስተዳዳሪነት ሥልጣን አሰጣጥ በዩኒክስ ኮምፒዩተሮች፦ የሱዶ ዘዴ ሲመዘን

በዩኒክስና እርሱን በተከተሉ እንደ ሊኑክስ ባሉ የኮምፒዩተር ሥርዓቶች ውስጥ፣ የመለያ ቁጥሩ 0 የሆነ «ሩት» የሚባል ተጠቃሚ አለ። ሌላው ተጠቃሚ በፈቃድ ድንበር ሲገታ፣ ሩት የማንንም ፋይል ለማንበብ፣ ለመለወጥና ለመደምሰስ ይችላል። ስለዚህ ይህ ሥልጣን ለሌላ ሰው የሚሰጥበት መንገድ በጥንቃቄ ሊመረመር ይገባል።

የቆየው መንገድ «ሱ» በተባለው ትእዛዝ ሩትን ሆኖ መሥራት ነው። ለዚህም የሩትን የይለፍ ቃል ማወቅ ያስፈልጋል። ቃሉን አምስት ሰዎች ካወቁት ሙሉው ሥልጣን በአምስቱም እጅ ይገባል፤ አንዱ ሥራውን ቢለቅ ቃሉን ለውጦ ለአራቱ እንደገና ማሳወቅ ግድ ይሆናል። ጥፋት ሲደርስም ፈጻሚው ማን እንደ ሆነ በቀላሉ አይለይም።

ይህን ጉድለት ለማረም እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ ቦብ ኮግሻልና ክሊፍ ስፔንሰር፣ ቡፋሎ በሚገኘው የኒው ዮርክ ስቴት ዩኒቨርሲቲ «ሱዶ»ን አዘጋጁ። በሱዶ ሠራተኛው የሚጠየቀው የራሱን የይለፍ ቃል ነው፤ የተፈቀዱለት ትእዛዞች በዝርዝር ይጻፋሉ፤ ያዘዘውም በስሙ ይመዘገባል። የዘዴው ታላቅ በጎነት ሥልጣንን መከፋፈሉና ተጠያቂነትን ማስከተሉ ነው።

ይሁንና በተግባር በፈቃድ ዝርዝሩ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው «ሁሉም» የሚል አንድ ቃል ነው። ያን ጊዜ ሱዶ ሌላ ስም የወጣለት ሩት ከመሆን አያልፍም። መዝገቡም በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ከተቀመጠ፣ ባለ ሙሉ ሥልጣኑ ሊሰርዘው ስለሚችል ነገሩ ሥጋን ለጅብ አደራ እንደ መስጠት ይሆናል።

የጠበበ የሚመስል ፈቃድም ያታልላል። ለምሳሌ አንድ መምህር ቃላቸውን ለረሱ ተማሪዎች አዲስ የይለፍ ቃል እንዲሰጥ፣ የይለፍ ቃል መለወጫው ትእዛዝ ያለ ገደብ ቢፈቀድለት፣ የሩትንም ቃል ለመለወጥ ይችላል። የሚበጀው የተማሪዎችን ስም ብቻ የሚቀበል አነስተኛ ፕሮግራም አዘጋጅቶ፣ ፈቃዱን ለዚያ ፕሮግራም ብቻ መስጠት ነው።

መሣሪያው ራሱም ከእንከን የጸዳ አይደለም። ከ2011 ጀምሮ በሱዶ ውስጥ ተሰውሮ የቆየና ፈቃድ የሌለውን ተጠቃሚ ሩት ሊያደርግ የሚችል ስሕተት በ2021 ተገልጦ ታርሟል።

እንግዲህ የትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ክፍል የሚያቅድ ሁሉ፣ ሱዶ መኖሩን ብቻ ሳይሆን በፈቃድ ዝርዝሩ ላይ ለማን ምን እንደ ተጻፈ ሊጠይቅ ይገባል። ሥልጣን የሚለካው በዚያ መስመር ነውና።