ሜኑ ላይ የሚዋሸው ቅጽሉ ነው

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ ባሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ዶሮ ወጥ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። አንዴ በስሙ፣ አንዴ ደግሞ ከስሙ ሥር በደቃቅ ፊደል በሰፈረ የእንግሊዝኛ ማብራሪያ። ማብራሪያው ስለ ባህላዊ ቅመም፣ ስለ ጥንታዊ አሠራርና ስለማይረሳ ጣዕም ያወራል። ስሙ ሁለት ቃል ብቻ ነው። ቁም ነገሩ ግን ያለው በሁለቱ ቃላት ውስጥ ነው። «ዶሮ ወጥ» ብሎ የጻፈ ቤት ሽንኩርቱን ለረጅም ሰዓት አቁላልቶ፣ በርበሬውን አብስሎ፣ ቅቤውን ጨምሮ፣ ከነዕንቁላሉ ማቅረብ አለበት። ቀጭን የቲማቲም መረቅ ውስጥ የተነከረ የዶሮ ደረት ቢያመጣ ተመጋቢው «ይሄማ ዶሮ ወጥ አይደለም» ብሎ መመለስ ይችላል። «ጣዕሙ ተረስቶኛል» ብሎ ሒሳብ ያስቀነሰ ደንበኛ ግን የለም።

ሜኑን እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ለሚያነብ ሰው ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ስሞቹ ይፈተናሉ፤ ቅጽሎቹ አይፈተኑም። ማታለያውም ዘወትር የሚገባው በቅጽሎቹ በር ነው።

የሐበሻ ማዕድ ደግሞ በስም ድሃ ሆኖ አያውቅም። ጥብስ ብቻውን አይጠራም፤ ደረቅ፣ ዝልዝል፣ አዋዜ፣ ሸክላ ይባላል፤ እያንዳንዱም ስለ አቆራረጡ፣ ስለ ማባያው ወይም ስለ ዕቃው አንድ የሚጨበጥ ነገር ይናገራል። «ለብለብ» የሚለውን ቃል የሚተካ ሌላ ቃል ማግኘት ይቸግራል። የተከተፈው ሥጋ ቅቤ ላይ ጥቂት ዞሮ፣ ሙቀት ነክቶት፣ ሳይበስል መውረዱን በአንድ ቃል ይጨርሰዋል። ይህን ቃል ትቶ «ሚዲየም ሬር» የሚል ሜኑ ስለ ስቴክ እንጂ ስለ ክትፎ አልተናገረም። «የኢትዮጵያ ታርታር» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ፈረንጁ ቀዝቃዛ ሥጋና ጥሬ የዕንቁላል አስኳል ሲጠብቅ በንጥር ቅቤና በሚጥሚጣ የታሸ ለስላሳ ክትፎ ይመጣለታል። ጠጅም «የማር ወይን» ሲባል ጌሾው ከስሙ ውስጥ ይወጣል፤ አንዳንድ ቤት ከጠርሙሱም ውስጥ ወጥቷል። እነዚህ ግን ከክፋት ይልቅ እንግዳን ላለማስደንገጥ የተደረጉ ናቸውና ብዙ አያስቆጡም። የባሰው ሌላ ነው።

«ስፔሻል» የሚለውን ቃል እንውሰድ። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ቃል በመጀመሪያ ሥራ ነበረው። ስፔሻል ክትፎ ሲባል አይብና ጎመን አብሮ እንደሚመጣ ይታወቃል፤ ስፔሻል ፉል ሲባል ዕንቁላል ወይም አቮካዶ ይጨመርበታል። «ኖርማል ነው ስፔሻል?» ብሎ አስተናጋጁ ሲጠይቅ ጥያቄው ትርጉም አለው፤ የዋጋው ልዩነትም ምክንያት አለው። ቀስ በቀስ ግን ጭማሪው ቀረና ቃሉ ብቻ ተረፈ። ስፔሻል ጥብስ፣ ስፔሻል ሽሮ፣ ስፔሻል በየዓይነቱ፣ ስፔሻል ፍርፍር። አንዳንዱ ሜኑ ላይ ኖርማል የሚባል ነገር ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ከምን ተለይቶ ነው ታዲያ ልዩ የሆነው? ባሕር ማዶ የተሻገረውም ይኸው ባዶው ቃል ነው፤ አይብና ጎመኑ ለብቻው ተጨማሪ ተብሎ ይከፈልበታል። የ«ሸክላ ጥብስ» ዕጣም ወደዚያው እያዘነበለ ነው። ሥጋው መጥበሻ ላይ አልቆለት ሸክላው ማቅረቢያ ብቻ ከሆነ፣ ትክክለኛ ስም የነበረው ቃል ጌጥ ሆነ ማለት ነው።

ከሁሉም ይልቅ ብርቱ ቅጽል ሆነው የሚያገለግሉት የቦታ ስሞች ናቸው። የሸኖ ቅቤ፣ የሐረር ሰንጋ፣ የአዳ ማኛ ጤፍ። ሸኖ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። «ሸኖ ለጋ» በሚል ስም በየመደብሩ የሚሸጠውና በየሜኑው የተጻፈው ቅቤ ሁሉ በእርግጥ ከዚያ የመጣ ቢሆን ኖሮ የአካባቢው ላሞች ዕረፍት ባልኖራቸው። ባሕር ማዶ ደግሞ ነገሩ ግልጽ ነው። ዳላስ ወይም ፍራንክፈርት ውስጥ የሚሠራ ምግብ ቤት ብዙውን ጊዜ ከሱፐርማርኬት ጨው አልባ ቅቤ ገዝቶ በኮረሪማ፣ በኮሰረትና በአብሽ ያነጥረዋል። ሙያ ያላት ሴት ካነጠረችው ግሩም ቅቤ ይወጣዋል። ይህ ነውር የለበትም፤ ነውሩ ሸኖ ሲባል ነው። አሜሪካ ውስጥ በአይዳሆ የሚበቅል ጤፍ ገበያ ላይ ከዋለ አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ጥሩ እንጀራም ይወጣዋል። የአይዳሆ ጤፍ ተብሎ ቢጻፍ ማን ይቀየማል?

የቦታ ስም ገንዘብ መሆኑን ኢትዮጵያ አሳምራ ታውቃለች። ይርጋ ጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን የቡና ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስከበር ከስታርባክስ ጋር ብዙ ተከራክራ እ.ኤ.አ. በ2007 ስምምነት ላይ ደርሳለች። የክርክሩ መነሻ ቀላል ነበር፤ ስሙ ዋጋ ካለው ለስሙ ባለቤት ይክፈል። በዚያ ጊዜ ከአገሩ ጎን ቆሞ ሲያጨበጭብ የነበረ ባለ ምግብ ቤት ያልገዛውን ቅቤ በሸኖ ስም ሲሸጥ ነገሩ ያው መሆኑ አይታየውም።

ይህ የሐበሻ ጠባይ ብቻ እንዳይመስል። የስታንፎርዱ የቋንቋ ሊቅ ዳን ጁራፍስኪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመው የምግብ ቋንቋ መጽሐፉ ከ6,500 የአሜሪካ ሜኑዎች የተወሰዱ 650,000 የምግብ ዓይነቶችን መርምሯል። ሜኑው ላይ ያሉት ቃላት አማካይ ርዝመት በአንድ ፊደል በጨመረ ቁጥር የምግቡ ዋጋ በ18 ሳንቲም ገደማ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ይበልጥ የሚያስቀው ሌላው ግኝት ነው። «ጣፋጭ» እና መሰሎቹ ባዶ ቃላት የሚበዙት ርካሽ ምግብ ላይ ነው፤ ውድ ቤቶች ቅቤያችን እውነተኛ ነው ብለው አይምሉም፤ እንደሚታመኑ ያውቃሉና። ማንም ሳይጠረጥረው «ንጹሕ ነው» ብሎ የሚጀምር ነጋዴ መርካቶም ያጋጥማል።

ፈረንሳይ ነገሩን በሕግ ልትይዘው ሞክራለች። እ.ኤ.አ. በ2014 «ቤት ውስጥ የተሠራ» የሚለው ቃል በደንብ ታሰረ፤ ጣሪያ የመሰለ ክዳን ያለው መጥበሻም ምልክት ሆኖ ወጣለት። ነገር ግን ደንቡ የቀዘቀዘ ጥሬ ዕቃን ስለሚፈቅድ ከበረዶ የወጣ ዓሣም በምልክቱ ሊቀርብ ይችላል። ቃሉን ሕግ ቢያስረውም ቀዳዳው አልተደፈነም።

እስካሁን የተነገረው ቢበዛ የኪስ ጉዳይ ነው። «ግሉተን ፍሪ» እና «ቪጋን» ላይ ሲደረስ ግን ቀልዱ ያበቃል። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ይህ እውነት ነው። ባሕር ማዶ የሚጋገረው እንጀራ ግን ብዙ ጊዜ ገብስ ወይም የስንዴ ዱቄት ይገባበታል፤ ይህም እውነት ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ደንብ በቃሉ ለመጠቀም ግሉተኑ ከሚሊዮን 20 እጅ በታች መሆን አለበት። ሊጡ ራሱ ንጹሕ ጤፍ ቢሆን እንኳ እርሾው ገብስ ካለበት ከትናንቱ ቡሆቃ ከተቀዳ ጤፉ ብቻውን ዋስ አይሆንም። ሴሊያክ ያለበት ሰው ሜኑውን የሚያነበው ለጌጥ አይደለም፤ አንጀቱን የሚያቆስለውን ነገር ለመሸሽ ነው።

«ቪጋን» ደግሞ «የጾም» የሚለውን ቃል በየሜኑው እየተካ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ገና አላለቀም፤ ቪጋኑ ዘንድ ግን ክርክር የለም፤ ማርም አይነካም። በሌላ በኩል አልጫው እንዲጣፍጥ ተብሎ ንጥር ቅቤ ጠብ የተደረገበት ማሰሮ ቪጋን ተብሎ ሲቀርብ እንግዳው ምናልባት አያውቅ ይሆናል። ሐሙስ ሌሊት ከሥራ ወጥታ ዓርብ ቀን ለመብላት የተቀመጠችው ነርስ ግን ጾሟን ሳታውቅ ተገድፋለች። «የጾም» ብሎ የጻፈ አብሳይ የሚያፍርለት ነገር አለው፤ «ቪጋን» ብሎ የገለበጠ ግን የሚያፍረው ለማን እንደሆነ እንኳ ላይገባው ይችላል።

ደግነቱ ቀጥ አድርገው የሚጽፉ ቤቶችም አሉ። እንጀራችን ከጤፍና ከገብስ ነው፤ ጤፍ ብቻ የሚፈልግ አንድ ቀን ቀድሞ ይዘዝ፤ ተጨማሪ ሒሳብ አለው። ከእነዚህ ቃላት ውስጥ አንዱም ምራቅ አያስውጥም። የበላው ሰው ግን ምን እንደበላ ያውቃል፤ አስተናጋጇም ስትጠየቅ ወደ ማድ ቤት መሮጥ አያስፈልጋትም።