የውሰት ሰማይ፦ ስለ ጉስታቭ ለግሬ የባሕር ፎቶግራፎች

የባሕር ዳርቻ ለፎቶግራፍ ባለሙያ ቀላል መስሎ የሚታይ፣ ሲቀርቡት ግን እጅግ አስቸጋሪ የሆነ የሥራ መስክ ነው። ሕንፃ ከተተከለበት አይነቃነቅም፤ ሰውም ቁም ቢሉት ይቆማል። ባሕር ግን አይቆምም። ሞገዱ ይነሣል፣ ይሰበራል፤ ደመናው ይሰበሰባል፣ ይበተናል፤ ከአፍታ በፊት እንደ ብር ሲያበራ የነበረው ውኃ ፀሐይ በደመና ስትሸፈን እንደ እርሳስ ይጠቁራል። በመሆኑም የባሕር ዳርቻን ፎቶግራፍ የሚያነሣ ባለሙያ የሚመርጠው ቦታን ብቻ አይደለም፤ ጊዜንም ጭምር ነው። ይህ የጊዜ ምርጫ ምን ያህል ከባድ ኃላፊነት እንደሆነ ለመረዳት ከፈረንሳዊው ከጉስታቭ ለግሬ ሥራዎች የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ለግሬ በ1820 እ.ኤ.አ. ተወለደ። የመጀመሪያ ሙያው ሥዕል ሲሆን፣ በፓሪስ ከሠዓሊው ከፖል ደላሮሽ ዘንድ ተምሯል። ወደ ፎቶግራፍ ከተሸጋገረ በኋላ በሰም የተነከረ የወረቀት ኔጌቲቭ አሠራርን በ1851 እ.ኤ.አ. ይፋ አደረገ፤ በዚያው ዓመትም የፈረንሳይ መንግሥት የአገሪቱን ጥንታዊ ሕንፃዎች በፎቶግራፍ እንዲመዘግቡ ካሰማራቸው አምስት ባለሙያዎች አንዱ ሆነ። ስሙን ከትውልድ ትውልድ ያሻገሩለት ግን ከ1856 እስከ 1858 እ.ኤ.አ. በኖርማንዲ፣ በሜዲትራንያንና በብሬስት ዳርቻዎች ያነሣቸው የባሕር ፎቶግራፎች ናቸው።

የእነዚህን ሥራዎች ዋጋ በትክክል ለመመዘን በቅድሚያ ባለሙያው የታገለውን ችግር ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን ኔጌቲቭ የሚዘጋጀው ኮሎዲዮን የተባለ ፈሳሽ በመስተዋት ሰሌዳ ላይ በመቀባት ነበር። ሰሌዳው ሳይደርቅ ካሜራ ውስጥ መግባት፣ ሥዕሉን መቀበልና መታጠብ ስላለበት ባለሙያው ጨለማ ድንኳኑንና ኬሚካሎቹን ይዞ እስከ ባሕሩ ዳር መሄድ ግድ ይሆንበታል። ከዚህም በላይ የከበደ እንቅፋት ነበር። ኮሎዲዮን ለሰማያዊና ለወይን ጠጅ ብርሃን እጅግ ፈጣን ሲሆን፣ ለቢጫና ለቀይ ብርሃን ግን ዕውር ነው ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ዐለቱና ውኃው ገና በቅጡ ሳይቀረጹ ሰማዩ ከመጠን በላይ ብርሃን ይቀበልና፣ ሲታተም ደመና የሌለበት ባዶ ነጭ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። የዘመኑ ተመልካች ይህን ባዶ ሰማይ የፎቶግራፍ ተፈጥሮ አድርጎ ተቀብሎት ነበር።

ለግሬ ይህን ችግር በሁለት መንገድ ፈታው። የዚህ ሂስ ዋና ጉዳይም የሁለቱ መንገዶች ልዩነት ነው።

የመጀመሪያው መንገድ በ1856 እ.ኤ.አ. በተሠራው «ብሪግ በውኃ ላይ» በተሰኘው ፎቶግራፍ ይታያል። ሥዕሉ ብዙ ነገር የለውም፤ ሰፊ ባሕር፣ ሸራዋን የዘረጋች አንዲት መርከብ፣ ከላይ ደግሞ ፀሐይን የጋረደ ደመና። ፎቶግራፉ በዚያው ዓመት ለንደን ላይ ታይቶ ከፍ ያለ አድናቆት ሲያተርፍ ብዙ ተመልካቾች በጨረቃ ብርሃን የተነሣ መስሏቸው ነበር። ነገር ግን የተነሣው በቀን ነው፤ የተሠራውም ከአንድ ኔጌቲቭ ብቻ ነው። ፀሐይዋ በደመና ተሸፍና ግለቷ ሲበርድ፣ የውኃው ነጸብራቅና የሰማዩ ብርሃን ተቀራረቡ፤ በአንድ ሰሌዳም ተስማምተው ገቡ። የቀረው ሁሉ ወደ ጥላ ወረደ። ባለሙያው መሣሪያው የማይችለውን ነገር አልጠየቀውም፤ ይልቁንም መሣሪያው የሚችለው ጊዜ እስኪመጣ ድረስ ባሕሩን በትዕግሥት ተመለከተ። የመሣሪያው ድክመት የሥዕሉ ቅርጽ ሆነ፤ ቅርጹም ከይዘቱ ጋር ተዋሐደ።

ሁለተኛው መንገድ ከሰት የወደብ ከተማ በ1857 እ.ኤ.አ. በተነሣው «ታላቁ ሞገድ» ይታያል። ሞገዱ ወደ ተመልካቹ ሲንደረደር አረፋው በአየር ላይ እንዳለ ተይዟል፤ ወደ ወደቡም በኩል ከድንጋይ የተሠራ የማዕበል መከላከያ ግድብ ይታያል። ከዚህ ሁሉ በላይ ከባድ ደመና ተንጠልጥሏል። ይህ ሥራ የታተመው ከሁለት ኔጌቲቮች ነው፤ አንዱ ለባሕሩ፣ ሌላው ለሰማዩ፤ ሁለቱም በአድማሱ መሥመር ላይ ተጋጥመዋል። ስፌቱን በቀላሉ ማግኘት የማይቻል በመሆኑ የባለሙያው የእጅ ጥበብ የሚያስመሰግነው ነው። ገበያውም ይህን ሥራ እጅግ አክብሮታል፤ በ1999 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ አንድ ቅጂ ከ500,000 ፓውንድ በላይ በጨረታ ተሸጧል።

«ይህ ሐሰት ነው» ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ፍርዱ የችኮላ ይሆናል። የሰው ዐይን ራሱ ሰማይንና ባሕርን በአንድ ጊዜ አይመለከትም። ወደ ብርሃኑ ሲያቀና ብሌኑ ይጠባል፤ ወደ ጥላው ሲመለስ ይሰፋል፤ ሁለቱን እይታዎች አገጣጥሞ አንድ ሥዕል የሚያደርጋቸው አእምሮ ነው። ከዚህ አኳያ ሲታይ ሁለት ኔጌቲቮችን ማጋጠም ዐይን ያየውን፣ ሰሌዳው ግን የነፈገውን ነገር መመለስ ነው። ለግሬ በዚህ ብቻ ቢወሰን ኖሮ ይህ ጸሐፊ የሚያቀርብበት ነቀፌታ ባልኖረ ነበር።

ይሁንና ነገሩ በዚህ አላበቃም። ለግሬ አንዱን የሰማይ ኔጌቲቭ ከአንድ በላይ በሆኑ የባሕር ሥዕሎች ላይ ተጠቅሞበታል። ያው ደመና፣ በያው ቅርጹ፣ በተለያየ ቦታና ቀን በተነሡ ባሕሮች ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል። ሊሰመርበት የሚገባው ነጥብ ይህ ነው። ሰማይ ለባሕር እንደ መጋረጃ የሚቀያየር ጌጥ አይደለም። የውኃውን ቀለም የሚወስነው ሰማዩ ነው፤ ደመናውን የሚነዳው ነፋስም ሞገዱን የሚቀሰቅሰው ነፋስ ነው። በኖርማንዲና በብሬስት ዳርቻዎች ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ብዙ ሜትር ከፍና ዝቅ ይላል። በሰት ግን፣ ሜዲትራንያን ውስጥ እንደመሆኗ መጠን፣ ይህ የውኃ ሙላትና ጉድለት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ በዚያ የሚነሣ ሞገድ የነፋስ ልጅ ነው። እንግዲህ የሰትን ሞገድ ከሌላ ቀን ሰማይ ሥር ማስቀመጥ ልጁን ከወላጁ ለይቶ ለባዕድ መስጠት ነው። ደመና አይቶ ዝናብ መምጣቱን የሚያውቅ ገበሬ ይህን ጉዳይ ከብዙ የጥበብ ምሁር ይልቅ በፍጥነት ይረዳዋል።

የጊዜን መለዋወጥ በሐቅ ለመግለጽ ሌላ መንገድ እንዳለ አሜሪካዊው አንሰል አዳምስ በ1940 እ.ኤ.አ. አሳይቷል። በካሊፎርኒያ፣ በሳን ማቴዮ አውራጃ ዳርቻ፣ ከገደል አፋፍ ቆሞ ቁልቁል እየተመለከተ አምስት ተከታታይ ፎቶግራፎችን አነሣ። በእነዚህ ሥዕሎች ሰማይም አድማስም የለም፤ አሸዋውና በላዩ የሚመላለሰው የአረፋ መሥመር ብቻ ነው ያለው። ቦታው ያው ነው፤ መሥመሩ ግን በእያንዳንዱ ሥዕል ሌላ ነው። ለግሬ ሁለት ጊዜያትን ወስዶ አንድ ሥዕል ሲያደርጋቸው፣ አዳምስ አንዱን ቦታ ወስዶ ጊዜያቱን በየራሳቸው አቆማቸው፤ ተመልካቹም ለውጡን በገዛ ዐይኑ እንዲያነብ ተወለት። አዳምስም ቢሆን በጨለማ ክፍል ውስጥ አንዱን ክፍል እያጠቆረ፣ ሌላውን እያፈካ ብዙ የሚደክም ባለሙያ እንደነበረ መዘንጋት አይገባም። ስለዚህ ጥያቄው «የሰው እጅ ገብቶበታል ወይስ አልገባበትም?» የሚል አይደለም። ጥያቄው እጁ የገባው በሥፍራው የነበረውን ለማጉላት ነው ወይስ ያልነበረውን ለማምጣት? የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ ዛሬ የቤተ መዘክር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ለግሬን በጨለማ ክፍል ውስጥ ያደከመው ሥራ ዛሬ የአንድ አፍታ ሥራ ሆኗል፤ ፎቶሾፕ የተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሰማይን በሌላ ሰማይ የሚተካ መሣሪያ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አቅርቧል። ውጤቱም በየመጽሔቱና በየማስታወቂያው ይታያል፤ ያው የሚንቀለቀል የምሽት ጀምበር በዚህም በዚያም ዳርቻ ላይ ሲወጣ እናያለን። ጉዳቱ ግን ከመሰላቸት ያለፈ ነው። አንድ መምህር ለተማሪዎቹ የባሕር ፎቶግራፍ ሲያሳይ፣ ስለማያውቁት አገር ነፋስ፣ ብርሃንና ሥራ እያስተማራቸው ነው። ሰማዩ የውሰት ከሆነ የተማሩት ሁሉ የውሰት ይሆናል። ተመልካች አንድ ጊዜ እንደተታለለ ካወቀ ደግሞ በእውነተኛው ማዕበል ፊትም ቢሆን በጥርጣሬ መቆሙ አይቀርም።

ለግሬ የንግድ ሥራው ከስሮበት በ1860 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይን ለቀቀ፤ ኋላም በካይሮ ሥዕል ሲያስተምር ኖሮ በዚያው በ1884 እ.ኤ.አ. አረፈ። የፎቶግራፍን ሰማይ ከባዶነት ያወጣ ታላቅ ባለሙያ መሆኑ አያከራክርም። ይሁን እንጂ በዚህ ጸሐፊ ሚዛን፣ ገበያው ያከበረውን «ታላቁ ሞገድ»ን «ብሪግ በውኃ ላይ» ይበልጠዋል። በሞገዱ ፊት የምናደንቀው የባለሙያውን ችሎታ ነው። በመርከቧ ፊት ግን አንድ ሰው በአንድ ቀን፣ በአንድ ዳርቻ ቆሞ ደመናው ፀሐይን እስኪጋርድ መጠበቁን እናያለን። ካሜራ ይዞ ወደ ባሕር ለሚወርድ ወጣት ባለሙያም ከዚህ የሚበልጥ ምክር የለም፤ ሰማዩ ካልተስማማው ሌላ ሰማይ አይዋስ፤ ነገ ተመልሶ ይምጣ።