ቢጫዋ ሣጥን

በጤና ጣቢያ የክትባት ክፍል ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጠውን ቢጫ የካርቶን ሣጥን፣ ሴፍቲ ቦክስን፣ ከልቤ አደንቃታለሁ። ነርሷ ወግታ እንደጨረሰች መርፌውን ሳትከድን፣ ሳታጣምም፣ ከነስሪንጁ በጠባቧ ቀዳዳ ትከትተዋለች። ክዳኑን መመለስ ጥንቃቄ ይመስላል፤ ጣት የሚወጋው ግን ብዙ ጊዜ ያኔ ነው። ሄፓታይተስ ቢ፣ ሄፓታይተስ ሲ፣ ኤችአይቪም በዚያ መወጋት ሊተላለፉ ይችላሉ። ባለ 5 ሊትሯ 100 ያህል ስሪንጅ ትይዛለች። ሦስት አራተኛዋ ሲሞላ ትታሸጋለች፤ ከዚያ ሳትከፈት ወደ ማቃጠያው ነው።

ይበልጥ የምወድላት ግን መርፌውን ጨርሶ ላልነካችው የጽዳት ሠራተኛም ማሰቧን ነው። ተራ የቆሻሻ ከረጢት ውስጥ የተጣለ መርፌ የሚጠብቀው የእሷን እጅ ነው፤ የማን ደም እንደነካውም የሚነግራት የለም።