ልጓሙ በማን እጅ ነው? (ስለ ዶስቶየቭስኪ «አጋንንት» አጭር ሂስ)

ይህ ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1871 እና በ1872 ሩሲያ ውስጥ በመጽሔት በተከታታይ የወጣ ነው። መነሻው እውነተኛ ወንጀል ነው። በ1869 ሞስኮ ላይ ሰርጌይ ኔቻየቭ የተባለ ወጣትና ተከታዮቹ፣ ኢቫኖቭ የተባለውን የገዛ ጓዳቸውን መሪውን ተቃወመ ብለው ገደሉት። ደራሲው ሟቹን ሻቶቭ፣ አስገዳዩን ፒዮትር ብሎ ሰየማቸው።

አንባቢ ዓይኑን የሚጥለው በፒዮትር ላይ ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ትምህርት ያለው በአገረ ገዢው ሚስት በዩሊያ ዘንድ ነው። ዩሊያ ክፉ ሴት አይደለችም። ጽንፈኞቹን ወጣቶች በቤቷ ትሰበስባለች፤ ታሞግሳቸዋለች፤ በፍቅር ይዤ ከገደሉ አፋፍ እመልሳቸዋለሁ ትላለች። እነርሱም በስሟና በቤቷ ይጠቀማሉ። ያዘጋጀችው ታላቅ ድግስ በውርደት ይበተናል፤ ከተማይቱም በእሳት ትያያዛለች። ልጓም የያዘች የመሰላት ሴት ለካ የምትጋለበው እርሷ ነበረች!

ይህ የሩሲያ ወሬ ብቻ ነውን? መኢሶን ለደርግ «ሂሳዊ ድጋፍ» ሰጠ፤ ጠመንጃ የያዘውን በንድፈ ሐሳብ እመራለሁ አለ። በነሐሴ 1969 ዓ.ም. መሪዎቹ ከአዲስ አበባ ሸሹ፤ ኃይሌ ፊዳም ተይዞ በኋላ ተገደለ። በኢሕአፓ በኩል ደግሞ የከተማውን የትጥቅ ትግል የተቃወመው የማዕከላዊ ኮሚቴ አባል ጌታቸው ማሩ፣ በዚያው በ1969 ዓ.ም. በገዛ ድርጅቱ እጅ ሞተ። ሕይወት ተፈራ «ማማ በሰማይ» በተባለው መጽሐፏ ይህን ሐዘን ተርካዋለች። ሻቶቭ በእኛም አገር ሞቷል ማለት ነው።

መጽሐፉ ጉድለት አለው። ደራሲው ጥፋቱን ሁሉ በወጣቶቹ ላይ በገቡት አጋንንት ያላክካል። እርሱን ራሱን በ1849 ሞት ፈርዶ፣ ከጥይት ፊት አቁሞ፣ በመጨረሻው ሰዓት ወደ ሳይቤሪያ የላከውን መንግሥት ግን በቅጡ አይጠይቅም። በር የተዘጋበት ሰው መስኮት ይሰብራል። በንጉሡ ዘመን በአገራችን አንድም ሕጋዊ ፓርቲ እንዳልነበረ አንርሳ።

ሆኖም የተዘጋ በር የጓድን ደም አያነጻም። በዚህ ካምፕ ከየድርጅቱ የመጣን ሰዎች አንድ ውኃ እንቀዳለን። ስንከራከር የምንጠያየቀው ስለ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራም ሁሉ በወረቀት ላይ ያምራል። ይልቅ እንዲህ እንጠያየቅ፦ በድርጅትህ ስም የሚዝተውን ሰው፣ ከድርጅትህ መካከል ተው ያለው ማን ነው? ተው ያለውስ ዛሬ የት ነው?

የተለየ አስተያየት ያለው በሚቀጥለው እትም ይጻፍ።