ወደ የትኛው ዓመት? ስለ ሁለት የእንግሊዝ ትንንሽ ከተሞች የቴአትር ቤት እድሳት

አንድ የቆየ የቴአትር ቤት ይታደስ ሲባል ክርክሩ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ በገንዘብ ላይ ነው። ጣሪያው ስንት ይፈጃል፣ ማን ይሸፍነዋል፣ ከታደሰ በኋላስ በማን እጅ ይተዳደራል የሚለው ይቀድማል። ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ግን ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ያልፋል፤ ይኸውም ቤቱ የሚመለሰው ወደ የትኛው ዓመት ነው የሚለው ነው። ሁለት መቶ ዓመት የቆመ ቤት አንድ መልክ ብቻ አልነበረውም። አዳሹ ከእነዚያ መልኮች አንዱን መርጦ የቀሩትን መፋቅ ግድ ይሆንበታል። ምርጫው የአናጢና የቀለም ቀቢ ጉዳይ ተደርጎ ይቀርባል እንጂ በእውነቱ የታሪክ ፍርድ ነው፤ ፍርድ እንደ መሆኑም ሊተች ይገባዋል።

በሰሜን ዮርክሸር የምትገኘው ሪችመንድ ከኖርማኖች ዘመን ግንብ ሥር የተቀመጠች፣ ነዋሪዋ ስምንት ሺህ ያህል የሆነ የገበያ ከተማ ናት። ዛሬ ጆርጂያን ቴአትር ሮያል ተብሎ የሚጠራውን ቤት እ.ኤ.አ. በ1788 የሠራው ሳሙኤል በትለር የተባለ፣ ራሱ ተዋናይም የተዋንያን ቡድን አስተዳዳሪም የነበረ ሰው ነው። ዓመቱን ልብ ይሏል። በ1737 በወጣው ሕግ መሠረት ከንጉሡ የተለየ ፈቃድ የሌለው ተዋናይ እንደ ሥራ ፈት ወሮበላ ተቆጥሮ ሊቀጣ ይችል ነበር፤ አዲስ የተጻፈ ተውኔትም አስቀድሞ የቤተ መንግሥቱ ሹም በሎርድ ቻምበርሌይን እጅ ማለፍ ነበረበት። በ1788 ግን የእንግሊዝ ፓርላማ የየአውራጃው ዳኞች ለአንድ የተዋንያን ቡድን እስከ 60 ቀን የሚጸና ፈቃድ እንዲሰጡ የሚያስችል ሕግ አወጣ። ከለንደን ርቆ በሚገኝ ትንሽ ከተማ በድንጋይ የተሠራ የቴአትር ቤት መቆሙ፣ እስከዚያ ድረስ በጎተራና በመጠጥ ቤት ጓሮ ሲጫወት የኖረው ሙያ በሕግ ፊት መታወቁን የሚያበሥር ምልክት ነበር። የሪችመንድን ግድግዳ የሚያደንቅ ጎብኚ ይህን ሳያውቅ ቢወጣ ግማሹን ብቻ አይቶ ወጣ ለማለት ይቻላል።

ቤቱ ረጅም ዕድሜ በመድረክነት አልኖረም። በትለር በ1812 ሞተ። የቤተ ሰቡ የኪራይ ውል በ1830 ካበቃ በኋላ ትርኢቱ እየሳሳ ሄደ፤ በ1848ም ቤቱ ተዘግቶ የሐራጅ መሸጫ ሆነ። ተመልካች ይቀመጥበት የነበረው የመሐሉ ዝቅተኛ ስፍራ ለወይን ጠጅ ማከማቻ ጓዳ ተሠራበት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ለጦርነቱ ያገለግላሉ የተባሉ ውራጅ ዕቃዎች ይጠራቀሙበት ነበር። በ1960 የባለአደራ ድርጅት ተቋቋመለት፤ በ1963ም ታድሶ ተከፈተ። ከዚያ በኋላም በ2002 እና በ2003 ሁለተኛ ከፍተኛ እድሳት ተደርጎለታል።

የመጀመሪያዎቹ አዳሾች ሊመሰገኑ ይገባል። ቤቱ አራት ማዕዘን ሆኖ፣ በሦስት ጎኑ ለባለጸጎች በተከፋፈሉ ትንንሽ ክፍሎች ተከብቦ፣ በላይ የድኻው ሰገነት ተዘርግቶበት ሲታይ፣ የዚያ ዘመን ማኅበረ ሰብ እርከን በእንጨት ተቀርጾ የቀረበ ይመስላል። በመግቢያው ላይ ያለችው አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ የትኬት መሸጫ ሳትቀር ተጠብቃለች። በሰገነቱ ላይ ተመልካች ቅር ሲለው በእግሩ እየመታ የሚያጓራበት ሳንቃ አለ። ዛሬ አስጎብኚዎች ያንን ሳንቃ እያሳዩ ያስቃሉ። ይህ ጸሐፊ ግን ነገሩ የሚያስቅ ሆኖ አላገኘውም። ሳንቃው የተመልካች የፍርድ መሣሪያ ነበር፤ አሁን የመዘክር ዕቃ ሆኗል። በበትለር ዘመን ወደ 400 ሰው ይታጨቅበት የነበረው ቤት ዛሬ ከዚያ እጅግ ያነሰ ሰው በሥርዓት ያስቀምጣል፤ መብራቱ ሲጠፋም ሁሉም ጸጥ ይላል። ለደኅንነትና ለምቾት ሲባል የተደረገ ስለሆነ አይነቀፍም። ነገር ግን እንጨቱ ወደ 1788 ሲመለስ ተመልካቹ በ1963 እንደ ቀረ መታወቅ አለበት። ሌላም አለ፤ ቤቱ በ1963 በተከፈተ ጊዜ የሎርድ ቻምበርሌይን ሳንሱር ገና አልተሻረም ነበር። የተሻረው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1968 በወጣው የቴአትር ሕግ ነው። እንግዲህ ሳይታደስ እንደ ነበረ የቆየ ነገር ቢኖር ሳንሱሩ ነበር!

ከሁሉ የሚበልጠው ጉድለት ግን ሌላ ነው። የበትለር ቡድን በሪችመንድ ነዋሪ አልነበረም። ከሪችመንድ ወደ ሪፖን፣ ወደ ኖርዘለርተን፣ ወደ ኬንዳል፣ ወደ ዊትቢ እየተዘዋወረ፣ ገበያውንና የፈረስ እሽቅድምድሙን ወቅት እየጠበቀ የሚጫወት የዙረት ቡድን ነበር። ባለጸጋው ወይም የጦር መኰንኑ ‘ይህን ተውኔት አጫውቱልኝ’ ብሎ ወዳጆቹን ይዞ የሚመጣበት ምሽት ነበረ፤ ከወጪ የተረፈው ገቢ በሙሉ ለአንድ ተዋናይ የሚሰጥበት ምሽትም ነበረ። ቤቱ የዚህ ሁሉ መረብ አንድ ቋጠሮ እንጂ ለብቻው የቆመ ነገር አልነበረም። የሙያው ድህነት ምን ይመስል እንደ ነበር የሚመሰክር አንድ ዕቃ በዚያው በሪችመንድ ይገኛል። በ1818 እና በ1836 መካከል የተሣለና በብሪታንያ ካሉት ሁሉ በዕድሜ ቀዳሚ ነው የሚባል የመድረክ ስዕል ነው። በአንድ ወገኑ ጫካ፣ በጀርባው ሰማያዊ ሳሎን ተሥሎበታል። ያው ሳንቃ ሲገለበጥ ሽፍታው ከሚሸሸግበት ዱር ወደ እመቤቲቱ እልፍኝ ይሻገራል። ከቤቱ ሁሉ ይልቅ ይህ ስዕል ለተመራማሪ ይናገራል ብል ማጋነን አይሆንም።

ታዲያ መረቡ ከተበጠሰ ቋጠሮው በምን ይኖራል? በሪችመንድ መልሱ የተገኘው ከከተማው ሰው ነው። ከውጭ የሚመጡ ቡድኖችና ሙዚቀኞች ባሉበት፣ የአካባቢው አማተር ተዋንያንና የወጣቶች ቡድኖች መድረኩን ይዘውታል፤ በጎ ፈቃደኞች በር ይከፍታሉ፣ ጎብኚ ያስተናግዳሉ። የጥንት ቤት ወዳጆች አንዳንዶቹ ይህን የሚያዩት ቤቱ እንዲቆም የሚከፈል ግብር አድርገው ነው፤ የሠፈር ልጆች የገና ጨዋታ እንዲህ ላለው ቅርስ አይመጥንም የሚሉ አይጠፉም። በዚህ አስተያየት አልስማማም። በትለር ራሱ ለገበያተኛና ለወታደር የሚጫወት ሰው ነበር። የከተማዋ ዳቦ ጋጋሪ የጎረቤቱን ልጅ በመድረክ ላይ አይቶ በሚቀጥለው ቀን ‘አልተዋጣላትም’ ብሎ የሚከራከር ከሆነ፣ የሰገነቱ ሳንቃ ሥራውን ጀመረ ማለት ነው። ቅርሱን ያደሰው ቀለሙ ሳይሆን ይህ ክርክር ነው።

የቤሪ ሴንት ኤድመንድስ ጉዳይ ሌላ ዓይነት ፍርድ ያሳየናል። በሰፎክ አውራጃ ያለውን ይህን ቴአትር ሮያል በ1819 የሠራው ዊልያም ዊልኪንስ የተባለው መሐንዲስ ነው። በ1892 ‘የቻርሊ አክስት’ የተባለው በኋላ ዓለምን የዞረው አስቂኝ ተውኔት ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በዚህ ቤት ነበር። በ1906 እንደ ዘመኑ ፋሽን ተለወጠ፤ በ1925 ተዘግቶ የጎረቤቱ የግሪን ኪንግ ጠመቃ ድርጅት የበርሜል መጋዘን ሆነ። በ1965 እንደ ገና ተከፈተ። ከ1975 ወዲህ ብሔራዊው የቅርስ ባለአደራ ድርጅት በረጅም ኪራይ ይዞታል። በ2007 የተፈጸመው ትልቅ እድሳት ዓላማው ቤቱን ወደ 1819 መልኩ መመለስ ነበር፤ የኋለኞቹ ዘመናት ጭማሪ ተነሥቶ መድረኩ ወደ ተመልካቹ መሐል እንዲገፋ ተደረገ።

ከላይ በተነሣው ሚዛን ሲመዘን ይህ ከሪችመንድ የባሰ ፍቀት ሊመስል ይችላል። ቤቱ እውነተኛ ዝናውን ያገኘበት ምሽት የ1892ቱ ነውና፣ ወደ 1819 መመለስ ያንን ምሽት ከግድግዳው ላይ ማጥፋት ነው። ሆኖም የቤሪ ሰዎች የሪችመንድ አዳሾች ያላሰቡትን አንድ ነገር አስበዋል፤ ቤቱን ብቻ ሳይሆን ተውኔቶቹን ጭምር ለማደስ ተነሡ። ከ1737 እስከ 1843 ባለው ጊዜ ተጽፈው የተረሱትን ተውኔቶች ከየቤተ መጻሕፍቱ እየፈለጉ በንባብም በትርኢትም አቀረቡ። እነዚያ ተውኔቶች በአብዛኛው ታላላቅ ሥራዎች አይደሉም። ሆኖም ተዋናዩ ከተመልካቹ ክንድ በማይርቅ ስፍራ ቆሞ ጎን ለጎን እንዲያወራ የተጻፉ ናቸው፤ ወደ ፊት የገፋው መድረክ ለምን እንደ ተሠራ የሚታወቀው እነርሱ ሲነገሩበት ብቻ ነው። ያለ ተውኔቶቹ ቢሆን ኖሮ የ2007ቱ እድሳት ውድ የቤት ዕቃ ሆኖ በቀረ ነበር። እነዚህ ሁለት ቤቶች ቢነጻጸሩ በግንባታ ጥበብ ረገድ ለሪችመንድ፣ በሐሳብ ረገድ ግን ለቤሪ ማድላት ትክክል ይመስለኛል።

ይህ ሁሉ እኛን ምን ያገባናል የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ከአገሩ የወጣ ሰው ሁሉ በልቡ የሚያድሳት አንዲት ዓመት አለችው። ለአንዱ 1966 ዓ.ም. ከመግባቱ በፊት ያለችው ናት፤ ለሌላው ከ1983 ዓ.ም. በፊት ያለችው፤ ለሌላው ደግሞ ገና ያልመጣችው። ስለ ቴአትራችን ስንጽፍም ይኸው ይታያል። በ1927 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ሲያንዣብብ የሕዝቡን ልብ ለማነሣሣት የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር፣ ከዚያ ወዲህ በተፈራረቁት መንግሥታት ሁሉ ሥር በየተራው ሌላ ሌላ ነገር ሆኗል። ‘ወርቃማው ዘመን’ የትኛው ነው ብለን ስንከራከር የምንመርጠው የተውኔቱን ደረጃ አይቶ ሳይሆን እኛ ወጣት የነበርንበትን ጊዜ አይቶ ነው።

ከአዲስ አበባ ውጭ ያለው ነገር ደግሞ የበለጠ ይከብዳል። በየትናንሽ ከተሞቻችን ለትርኢት የዋለው ቤት በአብዛኛው የበትለርን የመሰለ የሙያ ቤት አይደለም፤ የማዘጋጃ ቤት ወይም የቀበሌ አዳራሽ ነው። በደርግ ዘመን የኪነት ቡድኖች የዘፈኑት፣ ብዙ ወጣት ለመጀመሪያ ጊዜ ክራር የዳሰሰውና ድርሰቱን በሰው ፊት ያነበበው በእነዚህ አዳራሾች ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የቀበሌ ቅጥር ግቢ የእስርና የምርመራ ስፍራም ነበር። ከእነዚህ አዳራሾች አንዱን ለከተማው ሰው የኪነ ጥበባት ማዕከል ይሁን ብሎ የሚያድስ ትውልድ ሲነሣ፣ የሪችመንድ አዳሾች የወይን ጠጅ ጓዳውን እንደ ደመሰሱት በቀላሉ ሊደመስስ አይችልም፤ በዚያ ግቢ የታሠሩትም በዚያ መድረክ የዘፈኑትም ከአንድ ሠፈር፣ አንዳንድ ጊዜም ከአንድ ቤት የወጡ ናቸውና። ግድግዳው ላይ የቀረ የዚያ ዘመን መፈክር ቢገኝ ይቀባ ወይስ ይቆይ የሚለውን የሚወስነው መሐንዲሱ ነው፣ ወይስ ልጆቻቸው ከዚያ ግቢ ሳይመለሱ የቀሩት እናቶች?